ሞክሼን ከሞክሼ መለየት፦ ፓተንትና የሕዝብ መዝገብ ለሚያገላብጡ ሰዎች

የአሜሪካ መንግሥት የመጀመሪያውን ፓተንት የሰጠው እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1790 ነው። ተቀባዩ ሳሙኤል ሆፕኪንስ ይባላል። ያቀረበው ፈጠራ ከእንጨት አመድ ፖታሽ ለማውጣት የሚያገለግል አዲስ መሣሪያና ዘዴ ነበር። ፖታሽ በዚያ ዘመን ለሳሙናና ለመስታወት ሥራ በብርቱ ይፈለግ ነበር። ሰነዱ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንን ፊርማ ይዟል። ይሁንና ይህን ያህል የታወቀ ሰነድ የማን እንደሆነ ለረጅም ዘመን በስሕተት ሲነገር ኖሯል። ጸሐፊዎች ባለ ፓተንቱ በቨርሞንት ስቴት፣ ፒትስፎርድ በተባለች ከተማ የኖረው ሳሙኤል ሆፕኪንስ ነው እያሉ ሲቀባበሉት፣ በከተማዋም የመታሰቢያ ምልክት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1998 ዴቪድ ማክሲ ያሳተመው ጥናት ግን እውነተኛው ሰው በፊላደልፊያ ይኖር የነበረ የኩዌከር እምነት ተከታይ መሆኑን አሳየ። ፓተንቱ ራሱም ገና ከመግቢያው ተቀባዩ የፊላደልፊያ ከተማ ሰው እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ዘመን ሦስተኛ ሳሙኤል ሆፕኪንስም ነበር፤ በሮድ አይላንድ ኒውፖርት የሚሰብክ፣ የባሪያ ንግድን የተቃወመ የነገረ መለኮት ምሁር።

ስሕተቱ የመጣው ማስረጃ ጠፍቶ አልነበረም። ስሙ ሲገጥም ጊዜ ሌላውን የመረመረ ስላልነበረ ነው። ዛሬም የሚሆነው ይኸው ነው። ስም ጽፈው ይፈልጋሉ፤ ሦስት ፓተንት፣ ሁለት የፍርድ ቤት መዝገብና አንድ የንግድ ምዝገባ ይወጣል፤ ሁሉም የአንድ ሰው ታሪክ ይመስላል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ የፈጠራ ሠራተኛን ታሪክ ለሚያጠና ተማሪ፣ የንግድ ሸሪኩን ማንነት ለሚያጣራ ነጋዴ፣ በሞክሼው ዕዳ ለሚጠየቅ ሰውም ያገለግላል። መመሪያው የቆመበት ደንብ አንድ ነው፦ ሁለት መዝገቦችን የአንድ ሰው ናቸው ለማለት ከስሙ ሌላ ቢያንስ ሁለት፣ እርስ በርስ ያልተቀዳዱ ነጥቦች መግጠም አለባቸው፤ የሚጋጭ ነጥብ ካለም ግጭቱ መፈታት አለበት።

1. የሚፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ስለ እገሌ ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ጥያቄ መጨረሻ የለውም። «በዚህ ፓተንት ላይ የፈጠራ ሠራተኛ ሆኖ የተመዘገበው ሰውና በዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ሰው አንድ ናቸው ወይ?» የሚል ጥያቄ ግን መልስ አለው። አስቀድመው በእርግጥ የሚያውቁትን ይለዩ፤ የትውልድ ዓመት በግምት፣ የኖረበት ከተማ፣ የትምህርት መስክ፣ የሠራበት መሥሪያ ቤት። ይህ መነሻዎ ነው። መነሻ የሌለው ሰው ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል።

የመልሱ ክብደትም ይታሰብ። ለቤተሰብ ታሪክ ከሆነ «ሳይሆን አይቀርም» ማለት ይበቃ ይሆናል። ሰው ለመቅጠር ወይም ለመክሰስ፣ ወይም ስም ጠቅሶ ለማተም ከሆነ ግን አይበቃም።

2. የስሙን መልኮች ሁሉ ያውጡ

ይህ እርምጃ በኢትዮጵያውያን ስም ላይ ከሌላው ይልቅ ሰፊ ነው፤ ጊዜ ይስጡት።

መጀመሪያ ቅደም ተከተሉ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የአሜሪካና የአውሮፓ ቅጽ ደግሞ የቤተሰብ መጠሪያ ይጠይቃል። አበበ ከበደ ተሰማ የሚል ስም ለምሳሌ እንውሰድ። በአንዱ ቅጽ «ከበደ፣ አበበ» ተብሎ ይገባል፤ በሌላው የአባቱ ስም መካከል ላይ ወደ አንድ ፊደል አጥሮ «ተሰማ፣ አበበ ከ.» ይሆናል፤ በሦስተኛው ጸሐፊው ተሳስቶ «አበበ፣ ከበደ» ብሎ ይገለብጠዋል። አንዱ ሰው በሦስት ተራ ተበተነ ማለት ነው። በአንጻሩ «ከበደ፣ አ.» በሚለው ተራ ሥር ፈጽሞ የማይተዋወቁ አበበ፣ አስቴርና አለሙ ተሰብስበው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ሦስቱንም አቀማመጥ ይፈልጉ።

የመጨረሻው ስም መመሳሰልም ዝምድናን አያረጋግጥም፤ መለያየቱም ዝምድናን አያፈርስም። በነዳጅ ሴል ምርምሯ የታወቀችው ሳይንቲስት ሶስና ኃይሌ የግዕዝ ብራና ሊቁ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናት። በአገር ቤት ልማድ ቢሆን ሶስና ጌታቸው ትባል ነበር፤ በውጭው አሠራር ግን የአያቷ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኗል። ይህን የማያውቅ ፈላጊ አባትና ልጅን እንደ ወንድምና እኅት ሊቆጥራቸው ይችላል። ሴቶች በትዳር ስማቸውን መቀየር በአገራችን ልማድ ባይሆንም፣ ውጭ አገር የባላቸውን መጠሪያ የወሰዱ ስላሉ ከጋብቻ በፊትና በኋላ ያለውን ለየብቻ ይፈልጉ።

ሁለተኛው የላቲን አጻጻፉ ነው። «ቀ» በአንዱ ዘንድ በኬይ፣ በሌላው በኪው ይጻፋል። «ፀ» ወይ ቲና ኤስ ተጣምረው፣ ወይ ኤስ ብቻዋን፣ አንዳንዴም ቲ ብቻዋን ትወክለዋለች። ዮሐንስ በዋይ ወይም በጄይ ይጀምራል፤ ኤኑ አንድ ወይም ሁለት ይሆናል። መሐመድ የሚለው ስም ብቻ ስንት መልክ እንዳለው መቁጠር ያዳግታል።

ሦስተኛው ድርብ ስም ነው። ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖት፤ እነዚህ ተለያይተው ሲጻፉ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን የራስ ስም፣ «ማርያም»ን የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ ሊቆርጣቸው ይችላል። ገጥመው፣ በሰረዝ፣ ወይም «ገ/ማርያም» ተብለው በሕዝባር ተጽፈውም ይገኛሉ። ሁሉንም ይሞክሩ።

አራተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው ናቸው። ሰነዱ «1975» ካለ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደው ሰው በጎርጎርዮሳዊው 1982፣ ከዚያ በኋላ የተወለደው 1983 ላይ ይወድቃል። አሜሪካ ወርን ከቀን ታስቀድማለች፤ እኛ ቀንን እናስቀድማለን። ስለዚህ 03/04 ማርች 4 ወይም ኤፕሪል 3 ሊሆን ይችላል። ጃንዋሪ 1 የሚል የልደት ቀን ሲያዩም አይደነቁ፤ የልደት ወረቀት ለሌላቸው ስደተኞች በብዛት የሚሞላ ቀን ነው። ሁለት ሞክሼዎች ጃንዋሪ 1 ላይ ቢገጥሙ ከቀኑ ያገኙት ማስረጃ የዓመቱን ያህል ብቻ ነው።

3. ሰንጠረዥ ያብጁ፤ አንድ መዝገብ በአንድ ረድፍ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ገና ከመጀመሪያው በሰው ስም ገጽ ይከፍትና ያገኘውን ሁሉ ከሥሩ ይደረድራል። ያን ጊዜ ፍርዱ ከምርመራው ቀደመ ማለት ነው። እርስዎ ለእያንዳንዱ ሰነድ የየራሱን ረድፍ ይክፈቱ። ዓምዶቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የሰነዱ ዓይነትና ቁጥር፣ ስሙ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ ፊደል ሳይለወጥ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ሥራ ወይም መሥሪያ ቤት፣ አብረው የተጠቀሱ ሰዎች፣ ሰነዱን ያዩበት ምንጭ፣ እና ዋናውን ነው ወይስ ቅጂውን ያዩት የሚል። ሰውን ከረድፎቹ የሚያወጡት መጨረሻ ላይ ነው።

4. ዋናውን ሰነድ ያንብቡ

የፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው አጭር መግለጫ ሰነዱ አይደለም። ፓተንትን በነጻ የሚያነቡባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አራት ናቸው፦ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ የሕዝብ መፈለጊያ፣ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ እስፓስኔት፣ የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ፓተንትስኮፕ፣ እና ጉግል ፓተንትስ። በአሜሪካው መፈለጊያ ሙሉ ጽሑፉ በቃል በአስተማማኝ ሁኔታ የሚፈለገው ከ1976 ወዲህ ላሉት ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩትን በቁጥር ወይም በምድብም ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1836 የፓተንት ቢሮው ተቃጥሎ ወደ 10,000 የሚጠጋ ፓተንት ሰነዱ ጠፍቷል፤ መልሶ የተገኘው ከሢሶውም ያነሰ ነው። ለዚህ ነው የጥንቶቹን ባለ ፓተንቶች በስም ዝርዝር ብቻ መለየት አስቸጋሪ የሆነው።

የፓተንት የፊት ገጽ ላይ በቅንፍ የተቀመጡ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ዓለም አቀፍ መለያዎች ስለሆኑ ሰነዱ በጃፓንኛም ሆነ በጀርመንኛ ቢጻፍ ትርጉማቸው አይለወጥም። እነዚህን ይያዙ፦

- 11፦ የፓተንቱ ቁጥር
- 22፦ ማመልከቻው የገባበት ቀን
- 30፦ ቀዳሚ ማመልከቻ ካለ ቁጥሩ፣ ቀኑና አገሩ
- 45፦ ፓተንቱ የተሰጠበት ቀን
- 51፦ የቴክኖሎጂው ምድብ
- 54፦ የፈጠራው ርእስ
- 71፦ አመልካች
- 72፦ የፈጠራ ሠራተኛ
- 73፦ ባለመብት
- 75፦ በቀደሙት የአሜሪካ ፓተንቶች ላይ የፈጠራ ሠራተኞቹ የሚገኙበት

ፈጠራውን የሠራው ሰውና የመብቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። የእንዶድን ቀንድ አውጣ ገዳይነት ለዓለም ያስታወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1993 በወጣው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 5,252,330 ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር የፈጠራ ሠራተኛ ሆነው ተመዝግበዋል። ፓተንቱ በእንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን የውኃ ውስጥ እንስሳ ስለ መቆጣጠር ነው፤ ባለመብቱ ግን በኦሃዮ የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። «የእገሌ ፓተንት» ከማለትዎ በፊት እገሌ በ72 ወይም በ75 ሥር ያለ ሰው ነው ወይስ በ73፣ ያረጋግጡ። ስማቸው በእንግሊዝኛው ዝርዝር ላይ «ለማ፣ አክሊሉ» ተብሎ መቀመጡንም ልብ ይበሉ፤ በራሳቸው ስም የሚፈልግ ሰው ያልፋቸዋል።

ቁጥሩን ተከትላ የምትመጣው ፊደልም ትናገራለች። በአሜሪካ ሰነድ ላይ «ኤ1» ማለት የታተመ ማመልከቻ ነው፤ ፓተንት ገና አልተሰጠም። «ቢ1» ወይም «ቢ2» ከሆነ ተሰጥቷል። መሰጠቱም የመጨረሻ ቃል አይደለም። የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀት የሚመለከተው የአውሮፓ ፓተንት ቁጥር 1646287 ዛሬም በመፈለጊያዎቹ ላይ ይወጣል፤ ነገር ግን የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 በኔዘርላንድስ ውስጥ ዋጋ እንዳይኖረው ወስኗል። የሕግ ሁኔታውን የሚያሳየውን ገጽ ሳይከፍቱ «ፓተንት አለው» ብለው አይጻፉ።

5. በስሙ ዙሪያ ያሉትን ይመልከቱ

የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ቁጥር የሚሰጠው ለፓተንቱ ነው፤ ለፈጠራ ሠራተኛው ቋሚ መለያ ቁጥር የለውም። አንድ ሰው ዐሥር ፓተንት ቢኖረው ዐሥሩን የሚያስተሳስር ሰንሰለት ከስሙ በቀር በቢሮው መዝገብ ላይ የለም። ከ10 ሚሊዮን በላይ ፓተንት በተመዘገበበት አገር ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ፓተንትስቪው የተባለው የመረጃ ቋት ከ1976 ወዲህ ያሉትን ስሞች በኮምፒውተር ስሌት እየመደበ መለያ ይሰጣቸዋል። ስሌቱ የሚያየው ነገር እርስዎም ሊያዩት የሚገባ ነው፦

አብሮ ፈጣሪዎች። በሁለት ፓተንቶች ላይ አንዱ ስም ከነአንድ ያልተለመደ የባልደረባ ስም ከተደገመ ጠንካራ ምልክት ነው። ሁለት ሞክሼዎች ተመሳሳይ የሥራ ባልደረባ ይገጥማቸዋል ማለት ዘበት ነው።

ባለመብት። ተመሳሳይ ተቋም ማለት ጥሩ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ትልልቅ ኩባንያዎች በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶች ስላሏቸው የተለመደ ስም እዚያው ውስጥ ሊደገም ይችላል። የተቋም መለወጥም ሰውየውን አይለውጠውም። ሶስና ኃይሌ ቀደም ሲል በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በኋላ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሠርታለች፤ ጠጣር አሲዶችንና የፕሮቶን ማስተላለፍን የሚመለከተው የምርምር መስኳ ግን ሁለቱንም ዘመን ያገናኛል።

የቴክኖሎጂ ምድብ። ቁጥር 51 ሥር ያለው መለያ «ኤች01ኤም» ከሆነ ባትሪና ነዳጅ ሴል ነው፤ «ኤ01ኤን» ተባይ ማጥፊያን፣ «ኤ21ዲ» ዱቄትና ሊጥን ይመለከታል። አንድ ሰው መስክ ሊለውጥ ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ በነዳጅ ሴልም በዳቦ ሊጥም ፓተንት ያወጣ ስም ካገኙ ሁለት ሰዎች ናቸው ብለው ይነሡና ተቃራኒውን ማስረጃ ይፈልጉ።

ከተማ። የአሜሪካ ፓተንት የፈጠራ ሠራተኛውን የመኖሪያ ከተማና ስቴት ያትማል። ሳሙኤል ሆፕኪንስን የለየው ይህ ነጥብ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግን በመሰለ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት ከተማ ግን ከተማ መግጠሙ ብቻውን ብዙ አያሳይም።

የተፈረመ ወረቀት። ለታተመ ማመልከቻ የሚገቡትን ደብዳቤዎች ፓተንት ሴንተር በተባለው የቢሮው ገጽ ማየት ይቻላል። የፈጠራ ሠራተኛው የፈረመበት የቃል ማረጋገጫ እዚያ አለ። ከ1980 ወዲህ የተመዘገቡ የመብት ማስተላለፊያ ውሎችም ለብቻቸው ይፈለጋሉ፤ ሙሉ ስም ከነአያት፣ ወይም የስም ለውጥ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው።

የፓተንትስቪውን መደብ እንደ ጥቆማ ይውሰዱት። አንዱን ሰው ለሁለት ሊከፍለው፣ ሁለት ሰዎችንም ሊያዋህድ ይችላል፤ የእኛ ስም አቀማመጥ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ስሌት የሚመች አይደለም።

6. ወደ ሌሎች መዛግብት ይሻገሩ

እያንዳንዱ መዝገብ የሚመሰክረው ለተቋቋመበት ጉዳይ ነው። ከዚያ በላይ አይጠይቁት።

የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶችን መዝገብ ፔሰር በተባለው አገልግሎት ያገኛሉ። ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰነድ ከ3 ዶላር አይበልጥም፤ በሦስት ወር ውስጥ 30 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከተጠቀሙ አይከፍሉም። የፍርድ ቤት ሰነድ ላይ የልደት ዓመት እንጂ ቀኑ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም የመጨረሻ አራት አኃዙ ብቻ እንዲታይ ደንቡ ያዛል። ይህ ግላዊነትን ይጠብቃል፤ በዚያው ልክ ሞክሼን መለየት ያከብዳል። ስለዚህ የክሱን ዝርዝር ያንብቡ፤ ቦታ፣ ሥራ፣ አሠሪ በትረካው ውስጥ ይገኛሉ።

የንግድ ድርጅት ምዝገባ በየስቴቱ ነው፤ የቤትና የመሬት ዝውውር በየካውንቲው ነው፤ የሙያ ፈቃድም የየራሱ ቦርድ አለው። ለፌዴራል ምርጫ በአንድ ዘመቻ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ ከሥራውና ከአሠሪው ጋር ይመዘገባል፤ ስምን ከመሥሪያ ቤት ጋር ለማገናኘት የሚረዳ፣ ብዙ ሰው የማያስታውሰው ምንጭ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል የፓተንት መዝገቡ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፤ ሕጉ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር)። በንግድ ጉዳይ ሞክሼን የሚለየው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ነው፤ ስሙን ይዘው ሳይሆን ቁጥሩን ይዘው ይጠይቁ። ስም የለወጠ ሰው ሲጠረጠርም በፍርድ ቤት የተሰጠ የስም ለውጥ ውሳኔ እንዳለ ያጣሩ። የፋይዳ መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥሩ እየተስፋፋ ሲሄድ ይህ ሥራ ይቀላል፤ የቆዩት መዛግብት ግን በስም ብቻ እንደተያዙ ይኖራሉ።

ሰው ፈላጊ የንግድ ድረ ገጾችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ገጾች ከየመዝገቡ ለቅመው ያዋሕዳሉ፤ የሁለት ሞክሼዎችን አድራሻ፣ ዘመድና ክስ በአንድ ገጽ ላይ ሊያወጡ ይችላሉ። አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ይቀዳዋል። አንድ መረጃ በዐሥር ገጽ ላይ ቢገኝ፣ ምንጩ አንድ ከሆነ የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ስለ አንድ ስም ሲጠይቁትም ሞክሼዎችን አቅልጦ አንድ የሕይወት ታሪክ ሊያወጣ ይችላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ምንጭ የሚወሰደው ቀጥሎ የት እንደሚፈልጉ የሚያሳይ ፍንጭ ብቻ ነው።

7. ራስዎን ይሟገቱ

እስካሁን የሚገጥም ሲፈልጉ ነበር። አሁን የሚያፈርስ ይፈልጉ። ሰንጠረዡን በቀን ቅደም ተከተል ይደርድሩና ይጠይቁ፦ ይህ ሰው በአንድ ወር ውስጥ በሁለት አገር ሊኖር ይችላል? ፓተንቱ ሲገባ ስንት ዓመቱ ነበር? ከሞተ በኋላ የተፈረመ ወረቀት አለ? ፓተንት ከገባ በኋላ እስኪሰጥ ዓመታት ሊፈጅ ስለሚችል ለመኖሪያና ለሥራ ቦታ ማነጻጸሪያ ማመልከቻው የገባበትን ቀን ይዘው ቢጀምሩ ይሻላል። የሚጋጭ ነገር ሲገኝ የመጀመሪያው ግምት «ጸሐፊው ተሳስቶ ይሆናል» አይሁን። የጽሕፈት ስሕተት ሊኖር ይችላል፤ ግን ስሕተት ነው ለማለትም ማስረጃ ያስፈልጋል።

የስሙን ብዛትም ይመዝኑ። ባልተለመደ ስም ላይ ሁለት ነጥብ መግጠሙ ብዙ ነው። እንደ አበበ ከበደ ባለ፣ ወይም እንደ መሐመድ አሊ አህመድ ባለ ስም ላይ ግን ከተማና ሙያ መግጠማቸው ብዙም አያራምድዎትም፤ ሙሉ የልደት ቀን፣ አብሮ የተጠቀሰ ባልደረባ፣ ወይም የመለያ ቁጥር ይጨምሩ።

8. ፍርድዎን በሦስት ክምር ይለዩ

በመጨረሻ ረድፎቹን ይመድቡ፦ «አንድ ሰው ናቸው»፣ «የተለያዩ ናቸው»፣ «አልተወሰነም»። በእያንዳንዱ ፊት ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ። «አንድ ናቸው፤ ሁለቱ አብሮ ፈጣሪዎችና ባለመብቱ ስለገጠሙ» የሚል መስመር ሌላ ሰው ሊፈትሸው ይችላል። «አንድ ይመስላሉ» የሚለውን ማንም ሊፈትሸው አይችልም።

ሦስተኛው ክምር ባዶ ካልሆነ አይጨነቁ። ያልተወሰነውን ወደ አንዱ ጎን መግፋት ነው አደገኛው። ሰውየው በሕይወት ካለና ጉዳዩ የሚያስጠይቅ ካልሆነ ራሱን ይጠይቁት፤ አንድ አጭር መልእክት የሳምንታትን ፍለጋ ትተካለች። ውጤቱን ሲያካፍሉ ደግሞ ለመለየት የተጠቀሙበትን የቤት አድራሻና የልደት ቀን ከእርስዎ ዘንድ ያስቀሩት። በመዝገብ ላይ ተፈልጎ መገኘቱ ለማሠራጨት ፈቃድ አይሆንም፤ ያሠራጩት የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ በሞክሼው ላይ ይወድቃል።

ስሙ የእርስዎ ሲሆን

በ2011 በካሊፎርኒያ ራሚሬዝ የሚባል ሰው መኪና ሊገዛ ሄዶ ሻጩ አልሸጥልህም አለው። ትራንስዩኒየን የተባለው የብድር መረጃ ድርጅት ባወጣው ሪፖርት ላይ ስሙ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ካወጣው የማዕቀብ ዝርዝር ጋር ሊገጥም እንደሚችል ተጽፎ ነበር። ድርጅቱ ያነጻጸረው የራስንና የቤተሰብ ስምን ብቻ ነው፤ የልደት ቀን እንኳ አላየም። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2021 «ትራንስዩኒየን ከራሚሬዝ» በሚል ተወሰነ። እንዲህ ዓይነት ምልክት የተለጠፈባቸው ከሳሾች 8,185 ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ በዚህ መክሰስ እንደሚችሉ ፈረደ።

ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ነገር አለ። አሜሪካ የሚኖሩ ከሆነ፣ አሠሪ በጀርባ ታሪክ ሪፖርት ምክንያት ሊከለክልዎ ሲያስብ አስቀድሞ የሪፖርቱን ቅጂ ሊሰጥዎ ሕግ ያስገድደዋል። ይጠይቁ፤ ያንብቡ። የሞክሼዎ ክስ ወይም ዕዳ ከገባበት ሪፖርቱን ላወጣው ድርጅት በጽሑፍ ይቃወሙ፤ በመደበኛው 30 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት። ከተቃውሞው ጋር ልዩነቱን የሚያሳይ ማስረጃ ያያይዙ፤ የልደት ቀን፣ በዚያ ዘመን የኖሩበት አድራሻ፣ የአሠሪ ደብዳቤ። «እኔ አይደለሁም» ማለት ብቻውን አይበቃም።

የራስዎ ሰነዶች ተለያይተው ከተጻፉ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንዱ እርስዎ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራሉ። በፓስፖርትዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ መርጠው በዲግሪ፣ በባንክ፣ በሥራ ውልና በፓተንት ማመልከቻ ላይ ያንኑ ያስገቡ፤ ድርብ ስም ከሆነም ገጥመው ይጻፉት። ተመራማሪ ከሆኑ ኦርኪድ የተባለውን ባለ 16 አኃዝ ነጻ መለያ ያውጡ፤ ከ2012 ጀምሮ የሚሠራና ስምዎ በየትኛውም መልክ ቢታተም ሥራዎን ከእርስዎ ጋር የሚያያይዝ ቁጥር ነው። ቀድሞ ለተለያዩት ሰነዶች ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ፣ በሚመለከተው አካል ፊት የተረጋገጠ ቃል አዘጋጅተው ቅጂውን ያኑሩ።

ውጭ አገር ልጅ የሚወልዱ ባልና ሚስትም ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት አንድ ነገር ቢወስኑ ይበጃል፤ በልደት ወረቀቱ የመጨረሻ ስም ቦታ ላይ የሚገባው የአባት ስም ነው ወይስ የአያት? ሁለቱም ይሆናል፤ ግን ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ይሁን። አለዚያ አንደኛው ልጅ በአባቱ፣ ሁለተኛው በአያቱ ስም ተመዝግበው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን በወረቀት ማስረዳት የእነሱ ሥራ ይሆናል።